ሦስቱ ወለተ ማርያም

አባቴ «ይቺ ልጅ ከበሬ ጋር ብትጋፋ ዞር የሚለው በሬው ነው» ይላል። እኔም አልክድም፤ ግትር ነኝ። ግትርነቴ ሰው አስቀይሞብኛል፣ ሰውም መልሶልኛል። ሁለቱንም ከአንድ እሮብ ከሰዓት እስከ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለው ጊዜ ውስጥ አየኋቸው። እስቲ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ሳይንስ ተመርቄ ከወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ስቆም፣ በአማኑኤልና በደብረ ማርቆስ መካከል በሚኒባስ ስመላለስ ከርሜ በመጨረሻ ሰለቸኝ። አማኑኤል ላይ አባቴ ልብስ የሚሰፋባት ክፍል አንዱ ጥግ ላፕቶፔንና አንድ ያገለገለ ፕሪንተር አስቀምጬ የሰው ማመልከቻ መጻፍ ያዝኩ። «ትርንጎ ጸሐፊዋ» ሲሉኝ ይከነክነኝ ነበር። በልቤ ፕሮግራመር ነኝ። የተማርኩትን ለሰው የማሳይበት አንድ ሥራ ባገኘሁ እያልኩ እቁነጠነጥ ነበር።

ያን ሥራ ይዘውልኝ የመጡት መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ሽቅብ ባለችው የእመቤታችን ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ ሰው ናቸው። አገሩ የእናቴ ወገኖች አገር ነው፤ እኔም ክርስትና የተነሣሁት እዚያው ነው። በዚያች ደብር አንድ የቆየ ልማድ አለ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ የአጥቢያው ሙታን በክርስትና ስማቸው፣ ቤት በቤት ይጠራሉ። እያንዳንዱ ቤት በየዓመቱ የሙታኑን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ወይም አስጽፎ ያመጣል። መሪጌታ ያንን ሁሉ በአንድ ካርቶን ውስጥ እያስቀመጡ ኖረዋል።

«ልጄ፣ ዓይኔ ከድቶኛል» አሉኝ ካርቶኑን ከትከሻቸው አውርደው። «ይኼን ሁሉ አንድ ላይ አድርጊና በጉልህ ፊደል አውጪልኝ። አምና ሳነብ ተደናብሬ የሰው ቤት ዘለልኩ። ሰው አዘነብኝ።»

«መሪጌታ፣ ለዚህ ነው እንዴ የሚጨነቁት? ለኮምፒዩተር እኮ ይኼ ጨዋታ ነው» አልኳቸው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ተየብኩ። መቶ አርባ ሁለት ቤት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር ሰጠሁት። ካርቶኑ ውስጥ የብዙ ዓመት ወረቀት ስላለ ሁሉንም ከየቤቱ መስመር ላይ አከታትዬ ጻፍኩት። የአምናው ወረቀት የካቻምናውን ይደግማል፣ የካቻምናው ከዚያ በፊት የነበረውን። አንድ ሟች አምስትና ስድስት ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። መስመሩ እየረዘመ ሄዶ አንዳንዱ ቤት ግማሽ ገጽ ያዘ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ አንድ በአንድ እያየ ይሰርዝ ነበር። እኔ ግን ፕሮግራመር ነኝ! ከአሥር መስመር ያልበለጠች ኮድ ጻፍኩ። የነገርኳት ይኼን ብቻ ነው፦ የአንዱን ቤት መስመር አንሺ፤ ስሞቹን በሰረዙ ለያዪ፤ ተደጋግሞ የመጣውን ስም ሁሉ በአንድ ተኪ። ቁልፉን ስጫን የአንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አልፈጀባትም። አርባ ገጽ የነበረው አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ተነሥቼ አባቴን ከስፌት መኪናው ጎትቼ አሳየሁት። ዝንጉነቴ ግን ይኼን ያህል ነበር፦ የመጀመሪያውን ፋይል ቅጂ አላስቀረሁም። አዲሱን በአሮጌው ላይ ጻፍኩበት።

አትሜ ከነካርቶኑ ወስጄ ሰጠኋቸው። መሪጌታ ወረቀቱን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩት።

«ሁሉም ገብቷል? አንድም አልቀረም?»

«አንድም አልቀረም።»

«እንግዲያው እኒህ ቁራጮች የሰው እግር እንዳይረግጣቸው» አሉና ካርቶኑን ለዲያቆናቱ ሰጧቸው። ስም ያለበት ወረቀት አይጣልም። ቤተልሔም ወስደው የመሥዋዕቱ ኅብስት በሚጋገርበት እሳት አቃጠሉት።

ከዚያ በኋላ ያለው እሮብ ነው። ቅዳሜ ስሙ ሊጠራ ሦስት ቀን ቀርቶታል። መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቱን አንዴ ሊለማመዱት እንደሆነ ስሰማ ወደ ደብሯ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ የሄድኩት ልመሰገን ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ከዐውደ ምሕረቱ ጎን ካለው ወይራ ሥር መሪጌታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፤ ቅዳሴ ያስቀደሱ አምስት ስድስት ሴቶች ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው እማማ ይታይሽ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ከግቢው በታች ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው።

መሪጌታ ፊደሉ ጎልቶ ስለታያቸው ደስ ብሏቸው እንደ ውሃ ያወርዱታል። «የይታይሽ ቤት» አሉ። «ገብረ መድኅን፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ማርያም፣ አመተ ሥላሴ። የአድማሱ ቤት…»

«ይቆዩ፣ መሪጌታ» አሉ እማማ ይታይሽ። «የቀሩት ልጆቼስ?»

መሪጌታ ወረቀቱን መልሰው አዩት። «የተጻፈው ይኸው ነው፣ ይታይሽ። ባልሽ አለ፣ አባትሽ አሉ፣ ወለተ ማርያም አለች፣ እናትሽ አሉ።»

«ወለተ ማርያም አንድ ናት?»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «እማማ፣ ስሟ አለ እኮ። ኮምፒዩተሩ ሲደጋገም አንዱን ብቻ ነው ያስቀረው እንጂ ስሟ አልጠፋም።»

ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እሷ ትልቋ ናት፤ አስናቁ» አሉ። «መካከለኛዋ ፈንታነሽስ? በወሊድ የሞተችው? ትንሿስ?»

«ስማቸው ግን አንድ ነው…»

«አዎ፣ ስማቸው አንድ ነው። እነሱ ግን ሦስት ናቸው። ሦስቱንም በየተራ የቀበርኩ እኔ ነኝ።»

ደብሯ የእመቤታችን ናት። የዚያን ጊዜው ቄስ ለሴት ልጅ ክርስትና ሲያነሡ ወለተ ማርያም ማለት ይቀናቸው ነበር፤ ከመንደሩ ሴት እኩሌታዋ ወለተ ማርያም ናት፣ እኔ ራሴ ወለተ ማርያም ነኝ። እናትና ልጅ፣ እህትና እህት በአንድ የክርስትና ስም መጠራት እዚያ አገር የሚገርም ነገር አይደለም። ይኼን እያወቅሁ ነው ያንን ኮድ የጻፍኩት። ያወጣሁት ድግግሞሽ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ነበር።

እማማ ይታይሽ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። «እስከ ዛሬ በዓመት አንዴ ሦስቱንም ሲጠሩ እሰማ ነበር። የምጠብቀው ያንን ነው» አሉና ተነሥተው ወደ ቤታቸው ወረዱ። ሴቶቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

መሪጌታና እኔ ብቻ ቀረን።

«ወረቀቶቹ ተቃጥለዋል» አልኩ።

«ተቃጥለዋል። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የመጀመሪያው የለም?»

«በላዩ ላይ ጻፍኩበት።»

አልገባቸውም። «በላዩ ላይ ማለት?»

«ብራና ፍቆ እንደ መጻፍ ነው፣ መሪጌታ።»

ያን ጊዜ ገባቸው። ብራና ሲፋቅ አይተዋል፣ ራሳቸውም ፍቀዋል። «ፍቀሽ ጻፍሽበት» አሉ ለራሳቸው ያህል። ቀጥለውም «የይታይሽን አሁን አስተካክዪው። ሌላ የጎደለበት ቢኖር ቅዳሜ ሰምቶ ይነግረናል፤ ለከርሞ ይገባለታል» አሉ።

«ሰው ቅዳሜ እዚህ ቆሞ አባቱ ሲቀርበት ይስማ?»

«ምን ይደረግ ታዲያ? መቶ አርባ ሁለት ቤት በሁለት ቀን አይዳረስም።»

«ይዳረሳል» አልኩ።

እንዴት እንደሚዳረስ አላውቅም ነበር። ግን የእማማ ይታይሽ ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ቅዳሜ አንድም ሰው ያንን ፊት ይዞ ከግቢ አይወጣም ብዬ ማልሁ።

መንገድ ላይ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። በማግስቱ ሐሙስ የአማኑኤል ገበያ ነው። ከደብሩ አገር ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው ሁሉ በአንዲት ድልድይ ነው የሚያልፈው። እኔ ወደ ቤቶቹ ከመሄድ ቤቶቹ ወደ እኔ ይምጡ።

ሐሙስ ፀሐይ ገና ሳትሞቅ ድልድዩ ራስ ላይ ድንጋይ ነገር አስጠግቼ ተቀመጥኩ። አሥራ አንዱን ገጽ ጭኔ ላይ ዘረጋሁ፤ ንፋሱ እንዳይወስደው በጠጠር ጫንኩት። መጀመሪያ የመጡት ጌሾ የያዙ ሁለት ሴቶች ናቸው።

«እንደምን አደራችሁ። ቤታችሁ ውስጥ አንድ ዓይነት የክርስትና ስም ያላቸው ሁለት ሙታን አሉ?»

እርስ በርስ ተያዩ። «እግዜር ያሳይሽ! በጠዋት ገበያ የሚወርድ ሰው ሙት ይጠየቃል?» አለች አንዷ፤ ሌላዋ ሳቀች፤ ሁለቱም አለፉኝ። የሚቀጥለው ሰውዬ ቆሞ አሰበና «የለም» አለኝ። ትንሽ ራቅ ካለ በኋላ ተመልሶ መጣ። «የሚስቴ እናትና አክስቷ አንድ ስም ሳይሆኑ አይቀሩም… እንጃ» አለ። ሰው ሙታኑን የሚያስታውሰው በዓለም ስማቸው ነው። የክርስትና ስም ቅዳሜ ሲጠራ ይሰማል እንጂ በአፉ አያመላልሰውም። ጥያቄዬ የተሳሳተ ነበር። አሥር አሥራ አምስት ሰው በከንቱ አሳለፍኩ። እልህ ያዘኝ።

እንዲህ እየተብሰለሰልኩ ሳለ አያ ደመላሽ መጣ። ከደብሩ በላይ ያለ ገበሬ ነው፤ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሲያወራ የሚጣላ የሚመስል ሰው። ድንች የጫነች አህያውን ይነዳል።

«የልብስ ሰፊው ልጅ! ድልድይ ትጠብቂያለሽ እንዴ? ቀረጥ ጀመርሽ?»

ጥያቄዬን ለወጥኩት። «አያ ደመላሽ፣ ቅዳሜ ከቤትህ ስንት ነፍስ ነው የሚጠራው?»

ሳያመነታ «ዘጠኝ» አለ።

ወረቀቴን አየሁ። የደመላሽ ቤት ስምንት ስም ነበረው።

ስሙን የማያስታውስ ሰው ቁጥሩን ያውቃል! እያንዳንዱ ቤት ስንት እንደቀበረ ያውቃል። «እስቲ ማን ማን ናቸው?» አልኩት። በጣቱ እያጠፈ ቆጠረልኝ፤ አባቱና ታላቅ ወንድሙ ሁለቱም ገብረ ማርያም ነበሩ። በእኔ ወረቀት ላይ ግን ገብረ ማርያም አንድ ነው። የሆነውን ነገርኩት።

ፊቱ ጠቆረ። አህያዋን አቆማት። «የትኛውን ነው ያወጣሽው? አባቴን ነው ወንድሜን?»

ኮዷ የምታስቀረው መጀመሪያ ያየችውን ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው ማን እንደሆነ ግን በየዓመቱ ወረቀት ይለያይ ነበር። «አላውቅም፣ አያ» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ልመልሰው ነው የመጣሁት።»

«ልጅቷ ዋሽተሽ ብትሆኚ በበትር እልሽ ነበር» አለ። «ጻፊ። ገብረ ማርያም ሁለት።» ጻፍኩ። እስክጽፍ ቆሞ አየ፤ ሁለተኛውን ስም በጣቱ ነካው። ከዚያ አህያዋን ከድልድዩ ጎን ካለው ቁጥቋጦ አሰራት።

«ገበያህስ?»

«ድንች ሲመሽም ይሸጣል» አለና በዚያ ድምፁ መጣራት ጀመረ። «አንተ! ወዲህ በል! ስንት ሙት አለህ?»

ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደ። አያ ደመላሽ ሰውን ያስቆማል፣ እኔ እጠይቃለሁ። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ከገጠመ «በሉ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አሳልፋለሁ፤ ካልገጠመ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እንፈልጋለን። የተቆጣ ነበር። አንዲት ሴት እናቷና አያቷ በአንድ መጠቅለላቸውን ስነግራት እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሁለቱንም ስጽፍ አይታ ነው የሄደችው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ቁጥሩ አልገጠመላቸውም፤ ስንፈልግ ስንፈልግ የጎደለው እስካሁን ያልሞተ ወንድማቸው ሆኖ ተገኘ። አያ ደመላሽ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ «ቁጥሩን ይዘሽ ቆዪ፣ እሱም አይቆይም» አሉኝ።

ገበያው ሲበተን ዘጠና ስድስት ቤት ጨርሻለሁ። በአሥራ ሰባቱ ቤት ሰው ጎድሎ ነበር። ከአንዱ ቤት አንድ፣ ከአንዱ ሁለት፤ በጠቅላላው ሃያ አንድ ሰው። ያን ማታ እንጀራ ቀርቦልኝ አልበላ አለኝ። አባቴ «ያገኘሻቸውን ነው ያላገኘሻቸውን የምትቆጥሪ?» አለኝ። ያላገኘኋቸውን ነበር።

አርብ የቀሩትን አርባ ስድስት ቤቶች በእግሬ ያዝኩ። ገበያ ያልወረዱት ያረጁት፣ የታመሙት፣ አራስ ያለችባቸው ናቸው። አንዱ ከተራራው ወገብ ላይ ነው፣ አንዱ ከወንዝ ማዶ። ከየግቢው ውሻ ይነሣብኛል፤ ባለቤቱ ወጥቶ ያስጥለኛል፤ «ግቢ፣ ቁጭ በይ» ይለኛል፤ እኔ ቆሜ «ስንት ናቸው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እምቢ ያለኝ ሰው አልነበረም። የሚገርመው፣ አንድም ሰው ለመቁጠር አልዘገየም።

ሰባት ሰዓት አካባቢ ግን የሚመልስ የሌለበት በር ገጠመኝ። ቤቱ ተዘግቷል፤ የጣራው ሣር ወደ ውስጥ ሰምጧል። ጎረቤቱ «የነሱ ሰው አልቋል፤ የቀረችው ልጅ ወደ መርጡለ ማርያም አግብታ ነበር፣ ትኑር ትሙት አይታወቅም» አለኝ። በወረቀቴ ላይ ያ ቤት «ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ኢየሱስ» ይላል። ወለተ ማርያም አንድ ትሁን ሁለት የሚነግረኝ ሰው የለም። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ሁለት ቤት ጨመረ።

እግሬ አብጦ፣ ከንፈሬ ደርቆ ወደ መሪጌታ ሄድኩ። ከደጀ ሰላሙ ጥግ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ሦስት ቤት ላይ የምጠይቀው ሰው አጣሁ» አልኳቸው። «አንድ ልበል ሁለት? ሁለት ጽፌ አንድ ቢሆኑስ?»

«አንድ ጽፈሽ ሁለት ቢሆኑስ?» አሉ።

ወረቀቱን ዘረጋሁ።

«ደግመሽ ጻፊው፣ ልጄ። ሁለት ጊዜ ተጠራሁ ብሎ የሚቀየም ነፍስ የለም። ያልተጠራው ነው የሚከብደኝ።»

እኔ የተማርኩት ተቃራኒውን ነበር። በትምህርት ቤት ድግግሞሽ ማለት ቆሻሻ ማለት ነው፤ ጥሩ ፕሮግራም ይጠርገዋል። እሺ ብዬ በሦስቱም ቤት ሁለት ሁለት ጊዜ ጻፍኩ።

ወደ አማኑኤል ስደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። መብራት የለም። ትራንስፎርመር ተቃጥሏል፣ ነገ ነው የሚመጣው አሉ። ላፕቶፔ ውስጥ ትንሽ ኃይል አለ፤ ፕሪንተሩ ግን ያለ መብራት ሬሳ ነው። አባቴ «ጎዛምን አካባቢ ጄኔሬተር ያለው ሰው አለ…» ማለት ጀመረ። እስክሄድ፣ እስክመለስ ይመሻል። ከስፌት መኪናው ሥር ያለውን፣ የልብስ ቅድ የሚያወጣበትን ትልልቅ ወረቀት ለመንኩት፤ ቆርጦ ሰጠኝ። ወፍራም እስክርቢቶ ገዛሁ። በሩ ላይ ብርሃን እስካለ ድረስ፣ ከዚያ በሻማ፣ ቅዳሜም ገና ሲነጋ ጀምሬ መቶ አርባ ሁለቱን ቤት በእጄ ጻፍኩ፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደ አውራ ጣት አግዝፌ።

የይታይሽ ቤት መስመር ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ማርያም። ኮዷ በቅጽበት የወሰደችውን በእጄ ስመልስ ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለተኛውን ስጽፍ ፈንታነሽን፣ ሦስተኛውን ስጽፍ ስሟን እንኳ ያልጠየቅኋትን ትንሿን አሰብኩ። አለቀስኩ። አባቴ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ቅዳሜ ግቢው ሞላ። ወረቀቱን ለመሪጌታ ስሰጣቸው ዓይናቸውን አጥብበው አዩት፣ ከዚያ ፈገግ አሉ። «ይኼስ የእጅ ነው» አሉ። ቀሳውስቱ ጸሎቱን ካደረሱ በኋላ መሪጌታ ማንበብ ጀመሩ። ከየቤቱ አንድ ሰው ቆሞ ይሰማል፤ የቤቱ ስም ሲያልቅ «ነፍስ ይማር» ይባላል። አያ ደመላሽ ገብረ ማርያም ሲባል ራሱን ቀና አደረገ፤ ሁለተኛው ገብረ ማርያም ሲባል ወደ እኔ አየና አገጩን ነቀነቀ። ሦስቱ የተዘጉ ቤቶች ሲጠሩ የቆመላቸው አልነበረም። እኔ ቆምኩ።

«የይታይሽ ቤት» አሉ መሪጌታ።

እማማ ይታይሽ ከሴቶቹ መካከል ነበሩ። ወለተ ማርያም ሲባል ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ወለተ ማርያም። አሁንም ዝቅ አሉ። ወለተ ማርያም። ሦስተኛው ሲነበብ ዝቅ እንዳሉ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ በጸጥታ ሰሙ።

ሁሉም ሲያበቃ ወደ እኔ መጡ። ሊመርቁኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ግን እጄን ይዘው ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዱኝ።

«አንዲት አለች» አሉ። «ለማንም አልነገርኩም። ከአስናቁ በፊት የወለድኳት። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞተች። የዓለም ስምም አላወጣንላትም ነበር። በወረቀቴ ላይ አስጽፌያት አላውቅም፤ ምን ብዬ? አንቺ የጎደለውን ሰው ሁሉ ስትፈልጊ ሰማሁና…» እጄን ጠበቅ አደረጉት። «ስም ለሌላት ቦታ አለሽ?»

ለመሪጌታ ነገርኳቸው። «ያልተጠመቀችን በጸሎት በስም ልጠራ አልችልም፤ ስምም የላትም» አሉ። ልከራከራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «ቦታ ተይላት ግን። ቦታ መተው ማንም አልከለከለም።»

ይኼ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ስም ዝርዝር ማደራጀት ነው ሥራዬ፤ ያን ጊዜ የሰለቸኝን ማስታወቂያ ሰሌዳ አሁን እኔው ነኝ የምሞላው። አለቃዬ «ድግግሞሹን አጥፊልን» ሲለኝ መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ ቀጥሎ የዝርዝሩን ባለቤቶች እፈልጋለሁ፤ ስንት ናቸው ብዬ እጠይቃለሁ። አዝጋሚ ናት ይሉኛል። ይበሉ። እናንተም በእጃችሁ የሰው ስም የሚያልፍ ከሆነ፣ መምህር ሁኑ ነርስ ሁኑ የቀበሌ ጸሐፊ፣ ሁለቴ የተጻፈ ስም ስታዩ ከመሰረዛችሁ በፊት አንድ ቀን እግራችሁን አንሡለት። እኔ በአንድ ቁልፍ ያጠፋሁትን ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ሁሉንም መመለሴንም ዛሬ ድረስ እርግጠኛ አይደለሁም።

የደብሯን ዝርዝር በየዓመቱ የማወጣው አሁንም እኔ ነኝ። በይታይሽ ቤት መስመር ላይ፣ ከመጀመሪያዋ ወለተ ማርያም በፊት፣ በሁለት ሰረዞች መካከል ባዶ ቦታ አለ። ባዶውን የሚያጸዳ ኮድ ጽፌ አላውቅም። መሪጌታ እዚያ ሲደርሱ ማንበብ ያቆሙና አንድ ትንፋሽ ይስባሉ። ሰው ሁሉ እርጅና ነው ይላል። እማማ ይታይሽ ግን ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።